ይህን ፊት ማን ሠራው?
(በሬድዮ የተላለፈ ትምህርት፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

በቤታችሁ ሆናችሁ፣ በሱቃችሁ ተቀምጣችሁ፣ ቡና እየለቀማችሁ፣ ወይም ከሊሙ ገነት ወደ ጅማ በሚሄድ መኪና ውስጥ ሆናችሁ የምታዳምጡን ሁሉ ጌታ ይባርካችሁ። ዛሬ የምናገረው በመድረካችን ላይ ብዙም ያልተለመደ ጉዳይ ነው። አንዳንዶቻችሁ "ፓስተሩን ዛሬ ምን ነካው?" ትሉ ይሆናል። ግድ የለም፣ ታግሳችሁ ስሙኝ።

ባለፈው ጥር፣ የሠርጉ ሰሞን ማለት ነው፣ አንዲት እህት ልታነጋግረኝ መጣች። ከዚሁ ከሊሙ ገነት ልጆች አንዷ ናት። ቤይሩት አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ ጌታን የምትወድ፣ በመዘምራን ውስጥ የምታገለግል ልጅ ናት። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ከተቀመጠች በኋላ ስልኳን አወጣችና አንድ ፎቶ አሳየችኝ። የራሷ ፎቶ ነው፤ ግን አፍንጫው የእርሷ አይደለም። ኢስታንቡል ያለ አንድ ክሊኒክ "ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ይህን ትመስያለሽ" ብሎ በኮምፒውተር ሠርቶ የላከላት ነው። አፍንጫ፣ ከዚያም ከሆድ ስብ መጥጦ ዳሌ መሙላት፣ ሁለቱ በአንድ ጉዞ። ገንዘቡ አላት። የአራት ዓመት ላቧ ነው።

"ፓስተር፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም? በአንድ ቃል ይመልሱልኝ" አለችኝ።

ወገኖቼ፣ በአንድ ቃል መመለስ አቃተኝ። ለምን እንዳቃተኝ ብትጠይቁኝ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ጥያቄ ማንም ሳይጠይቀኝ በአንድ ቃል መልሼው ስለነበር ነው።

ያኔ የሰበክሁት ከኢሳይያስ 3 ነበር፤ ስለ ጽዮን ቆነጃጅት ኩራትና ጌጥ። ጉባኤው ሞቅ አለ፣ አሜን በዛ፣ እኔም ሞቀኝ። ከዚያ ከጽሑፌ ወጣሁና "እግዚአብሔር የሠራውን ፊት በቢላ የሚያስተካክል ሰው ፈጣሪውን ተሳስተሃል ማለቱ ነው!" ብዬ ጮኽሁ። ሰው አጨበጨበ። ከኋላ ወንበር ላይ አንዲት ወጣት እናት የተሸፈነ ሕፃን አዝላ ተቀምጣ ነበር። ሕፃኑ ሲወለድ ጀምሮ ከንፈሩም ላንቃውም የተሰነጠቀ ነው። ወተቱ በአፍንጫው ይወጣ ነበር። በነጻ የሚያክሙ ሐኪሞች ጅማ እንደሚመጡ ሰምታ፣ በዚያው ሳምንት ልትሄድ ልብሷን አዘጋጅታ ነበር። የእኔን ስብከት ሰምታ ቀረች። ይህን ያወቅሁት ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ከሽማግሌዎቻችን የአንዱ ባለቤት ልትጠይቃት ሄዳ "ፓስተሩ ኃጢአት ነው አለ እኮ" ብላ ነገረቻት። እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ በሚቀጥለው እሑድም በጉባኤ ፊት እንዲሁ። ሕፃኑ ታከመ። ነገር ግን ያቺ ዓመት ለእርሱ የተራበባት፣ ለእናቱም ጎረቤት "እርግማን ነው" ሲላት የኖረችባት ዓመት ናት። ጌታ ይቅር ብሎኛል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያላጠናሁትን ነገር ከመድረክ ላይ ላለመጮህ ወሰንሁ። ስለዚህ ለዚያች እህት "ጊዜ ስጪኝ፣ ልጸልይና ላንብብ" አልኋት። ዛሬ የምነግራችሁ ያነበብሁትንና ከቃሉ የተረዳሁትን ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን ያህል እንደተስፋፋ እንወቅ። ብዙዎቻችን "ይህ የፈረንጅና የአርቲስት ጉዳይ ነው" እንላለን። ዓለም አቀፉ የውበት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በየዓመቱ ቁጥር ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ በቢላም ያለ ቢላም የተደረጉት የውበት ሕክምናዎች 34.9 ሚሊዮን ነበሩ፤ ከእነዚህ 15.8 ሚሊዮኑ ቀዶ ሕክምና ነው። በ2024 ጠቅላላው ወደ 38 ሚሊዮን ተጠጋ። በ2023 ከቀዶ ሕክምና አንደኛ የነበረው ስብ ማስመጠጥ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት የዐይን ቆብ ማስተካከል ቀደመው፣ ከ2.1 ሚሊዮን በላይ። ፋሽን ነው እንግዲህ፤ እንደ ጫማ ይቀያየራል። አንድ ሰሞን ጡት ማስተለቅ፣ አንድ ሰሞን ከንፈር ማሳበጥ፣ አንድ ሰሞን ጉንጭ ማስጎድጎድ። ጫማ ግን ይወለቃል።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልያ ዐይነ ልም ነበረች ይላል ዘፍጥረት 29። ዛሬ ብትኖር ኖሮ የላባ ዘመዶች "ዐይኗን እናሠራላት" ሳይሉ አይቀሩም ነበር! ያዕቆብ ያልመረጣት ያቺ ልያ ይሁዳን ወለደች፤ ከይሁዳም ዘር ጌታችን መጣ።)

እኛስ አገር? አዲስ አበባ ውስጥ ቦቶክስና ፊለር የሚወጉ፣ ስብ የሚመጥጡ ክሊኒኮች ማስታወቂያቸውን በቲክቶክ ይለቃሉ። ወደ ቱርክ የሚሄደውም ብዙ ነው። ከኢስታንቡል በሚመለስ አውሮፕላን ውስጥ ራሳቸውን በፋሻ ያሰሩ ወንዶች ማየት አዲስ ነገር አይደለም፤ ፀጉር አስተክለው ነው። አዎ፣ ወንዶች! ወንድሞች ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ ፈገግ ትላላችሁ፣ የሴት ነገር ይመስላችኋል። በመጽሐፍ ቅዱስ በመልኩ ከሁሉ በላይ የተመሰገነው ማን ነው? አቤሴሎም ነው፣ ወንድ ነው። ከእግሩ ጫማ እስከ ራሱ ጠጉር ነውር አልነበረበትም፤ ጠጉሩን ሲቆረጥ ይመዝነው ነበር (2 ሳሙኤል 14፥25-26)። መጨረሻውን ታውቃላችሁ፤ በበቅሎው ሲሮጥ ራሱ በዛፍ ተይዞ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ይቺን እህታችንን ደግሞ ነገሩ የያዛት ቤይሩት ነው። ሊባኖስ አፍንጫ ማሠራት ከተለመደባቸው አገሮች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 እዚያ አንድ ባንክ ለውበት ቀዶ ሕክምና ብቻ የሚውል ብድር፣ እስከ 5000 ዶላር፣ እሰጣለሁ ብሎ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። የቤት እንደምናበድር፣ የአፍንጫ ብድር! የአሠሪዋ ልጅ አፍንጫዋን ስታሠራ ፋሻዋን የምትቀይርላት፣ በትራስ ደግፋ የምታስተኛት፣ ዐይኗ ሥር የጠቆረውን በበረዶ የምትይዝላት ይቺው የእኛ ልጅ ነበረች። "ከዚያ በኋላ ሁሉም ያደንቋት ጀመር፤ እኔን ግን ስሜን እንኳ የሚጠራኝ አልነበረም" አለችኝ። ይህን ስትናገር እንባዋ መጣ። እኔም ያኔ ነው ጥያቄው የአፍንጫ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ።

እስቲ አሁን ወደ ቃሉ እንግባ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ግሪክኛ ስንማር ያስገረመኝ ነገር ነበር። "ፕላስቲክ ሰርጀሪ" ሲባል ብዙ ሰው በሰው ሥጋ ውስጥ ፕላስቲክ የሚከቱ ይመስለዋል። አይደለም። ቃሉ የመጣው "ፕላሶ" ከሚል የግሪክ ግስ ነው፤ ማበጀት፣ ጭቃ ማድቦልቦል ማለት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 9፥20 ሥራ ሠሪውን ለምን እንዲህ አድርገህ ሠራኸኝ ሊለው ይችላልን ብሎ ሲጠይቅ የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። ስለዚህ ይህ ሕክምና በስሙ ብቻ የሸክላ ሠሪውን ሥራ ይነካል። ሰው እጁን እዚያ ሲያስገባ ምን እያደረገ እንደሆነ ማሰብ አለበት።

ያን ጊዜ የጮኽሁት ይህን ይዤ ነበር። ግማሹን ብቻ ነበር የያዝሁት።

ሉቃስ 22፥50-51ን ክፈቱ። ጌታን ሊይዙት በመጡ ጊዜ ጴጥሮስ ሰይፍ መዘዘና የሊቀ ካህናቱን ባሪያ ቀኝ ጆሮ ቆረጠ። ዮሐንስ ስሙን ሳይቀር ይነግረናል፣ ማልኮስ ይባላል። ጌታ ኢየሱስ ከመስቀሉ በፊት ያደረገው የመጨረሻው ፈውስ ምንድን ነው? የተቆረጠ ጆሮ ዳስሶ ማዳን! እስቲ አስቡት፤ ሰውዬው በዚያ ቁስል ላይሞት ይችላል። ቁስሉ ቢድን በአንድ ጆሮ ይኖር ነበር። ግን በየሄደበት ሰው "ምን ሆነህ ነው?" ይለው ነበር፤ ፊቱ የዚያን ሌሊት ታሪክ ተሸክሞ ይዞር ነበር። ጌታ ሊሰቀል እየተወሰደ ሳለ ለጠላቱ ባሪያ መልክ ግድ አለው። ሃሌ ሉያ! እግዚአብሔር ለፊታችን አይገደውም የሚል ሰው ይህን ቦታ አላነበበም።

ዘመናዊው የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምናም ያደገው ከእንዲህ ዓይነት ቁስል ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መንጋጋቸውና አፍንጫቸው በጥይት የተወሰደ ወታደሮች በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ። ኒው ዚላንድ የተወለደው ሐኪም ሃሮልድ ጊሊስ እ.ኤ.አ. በ1917 እንግሊዝ አገር ሲድከፕ በተባለ ቦታ ለእነዚህ ሰዎች ብቻ በተከፈተ ሆስፒታል ውስጥ ከገላቸው ቆዳ እየወሰደ ፊት ይሠራላቸው ነበር። በአገራችን ደግሞ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች ሲቋቋም፣ የታጠፉ ጣቶችን መዘርጋትና የተጎዳ ፊትን መመለስ ከሥራዎቹ አንዱ ሆነ። ሥጋ ደዌ አፍንጫን ያሰምጣል፣ ቅንድብን ያረግፋል፤ ሰውየው ከተፈወሰ በኋላ እንኳ ፊቱ ስለሚያጋልጠው ማንም አብሮት ቡና አይጠጣም ነበር። የካቲት 12 ሆስፒታል በእሳት የተቃጠሉትን ያክማል። ጅማ ሆስፒታልም ኦፕሬሽን ስማይል የተባለው ድርጅት ሐኪሞች እየመጡ የተሰነጠቀ ከንፈር ያላቸውን ብዙ ልጆች ሰፍተዋል። በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አሲድ ፊቷ ላይ የተደፋባትን ወጣት የምታስታውሱ አላችሁ። አገር ሁሉ አለቀሰላት፤ እስከ ፈረንሳይ ሄዳ ታከመች። እርሷን "ፊትሽን አትንኪ፣ እግዚአብሔርን ማማረር ነው" የሚላት ክርስቲያን ካለ ልቡን ይመርምር።

እንግዲህ ክፉ ሥራ፣ አደጋ ወይም በሽታ ያበላሸውን መልሶ ማቅናት የጌታን የፈውስ እጅ የሚመስል ሥራ ነው። በዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም። በእሳት ተቃጥሎ አገጩ ከደረቱ ጋር የተጣበቀ ልጅ፣ በሚጥል በሽታ ምድጃ ላይ ወድቆ እጁ የተኮማተረ ወንድም ካለ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። መጸለይ ይቀጥል፤ ጸሎትና ሐኪም አይጣሉም።

ችግሩ ያለው ሌላው ጋ ነው። ምንም ያልሆነ አፍንጫ ጋ።

እዚህ ላይ ቀጥተኛ ልሁን። "አፍንጫ ያሠራ ሲኦል ይገባል" የሚል ጥቅስ የለም። ያለ ጥቅስ የምናስፈራራ እኛ ማን ነን? የድሮ እናቶቻችን አንገታቸውን በንቅሳት ያስጌጡ፣ ድዳቸውን ያስነቅሱ ነበር፤ በወሎም በጎጃምም በትግራይም ዛሬ ያንን የያዙ አረጋውያት እናቶች በጸሎት ቤታችን ተቀምጠው ይዘምራሉ። አሁን ደግሞ ልጆቻቸው ያንኑ ንቅሳት በሌዘር ያስጠፋሉ። ትናንት የሠርግ ጌጥ የነበረው ዛሬ ማፈሪያ ሆነ። ነገሩን ጠለቅ ብላችሁ እዩት፤ የእናቲቱን አንገት የነቀሰው የሠፈር ዐይን ነው፣ የልጂቱን አንገት የሚያስላጠውም የሠፈር ዐይን ነው። የአሁኑ ሠፈር ብቻ ሰፍቷል፤ በስልክ ውስጥ የዓለም ሰው ሁሉ ጎረቤት ሆኗል።

ስለ አደጋውም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ማስታወቂያው አይነግራችሁም። እህታችን ላስበችው የዳሌ ሥራ የአሜሪካ የውበት ቀዶ ሐኪሞች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ከ3000 አንድ ሰው ያህል ይሞትበት እንደነበር ገመቱ። ለውበት ከሚደረጉት ሁሉ የከፋው ተብሎ ማስጠንቀቂያ ወጣበት። ምክንያቱም ስቡ በመርፌ ሲገባ ወደ ጡንቻው ከዘለቀ፣ እዚያ ያሉት ትልልቅ የደም ሥሮች ውስጥ ይገባና ወደ ልብና ሳንባ ይሄዳል። ሐኪሙ ደርሶ የሚያድንበት ጊዜ የለውም። ከዚያ ወዲህ ከቆዳ በታች ብቻ መወጋት አለበት ተብሎ ደንብ ወጥቶ አደጋው ቀንሷል፤ ግን ርካሽ ክሊኒክ ደንቡን ይጠብቅ አይጠብቅ አንቺ ተኝተሽ በምን ታውቂያለሽ? የናይጄሪያው ፕሬዚዳንት የኦባሳንጆ ባለቤት ስቴላ ኦባሳንጆ ጥቅምት 2005 እ.ኤ.አ. ስፔን አገር ሄደው ስብ ካስመጠጡ በኋላ ሞተው ተመለሱ። የፕሬዚዳንት ሚስት ናቸው፤ ገንዘብ አልጎደላቸውም፣ ሐኪም አልጎደላቸውም። ስድሳኛ ዓመታቸው ሊሞላ ጥቂት ሳምንት ቀርቶ ነበር።

ቦቶክስ የሚሉት የፊት መጨማደድን የሚያዝናናው መርፌ፣ በተበላሸ ምግብ ውስጥ ሰው የሚገድለው መርዝ ራሱ ነው፤ በጣም በጥቂቱ ሲሰጥ ጡንቻን ያዝላል፣ ከሦስት አራት ወር በኋላ ይለቃል፤ ከዚያ እንደገና መክፈል ነው። ጡት ውስጥ የሚቀመጠውም ሲሊኮን ዕድሜ ልክ አይቆይም። አንድ የፈረንሳይ ኩባንያ ለሰው ሳይሆን ለኢንዱስትሪ የሚውል ርካሽ ሲሊኮን እየሞላ ሲሸጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ተደረሰበት፤ ባለቤቱ በ2013 አራት ዓመት ተፈረደበት፤ ገላቸው ውስጥ ያስቀመጡት ሴቶች ግን በሺዎች ነበሩ። ደግሞ የእኛ ጥቁር ቆዳ ጠባሳው እያበጠ የመሄድ ጠባይ አለው፤ ጆሮ ሲበሳ እንኳ የሚያብጥባቸውን ታውቃላችሁ። ከቀዶ ሕክምና በኋላም ረጅም በረራ ደም በእግር ሥር እንዲረጋ ያደርጋል። የአፍንጫው እብጠት ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ ዓመት ይፈጃል፤ በዚያ ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ቢበላሽ ሐኪሙ ኢስታንቡል ነው፣ አንቺ ሊሙ ገነት ነሽ።

ይህን ሁሉ የምለው ለማስፈራራት አይደለም። ሞት ስለሚያስፈራ ብቻ የቀረ ሰው ልቡ አልተፈወሰም፤ ነገ አደጋ የሌለው መንገድ ሲመጣ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ልቡ እንሂድ።

"ማን ነው አፍንጫሽ ልክ አይደለም ያለሽ?" ብዬ ጠየቅኋት። ቤይሩት ያልሁ መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን ከዚያ በፊት ጀመረች። አክስቷ በልጅነቷ አፍንጫዋን በጣት እየቆነጠጡ "ይህቺን ማን ያገባታል" ይሏት ነበር። ትምህርት ቤት ቅጽል ስም ነበራት። ከዚያ... ከዚያ ደግሞ እኛ መጣን። በጸሎት ቤታችን አንድ ወንድም ሊያገባት አስቦ ከሸማግሌዎች ጋር ሲነጋገር "መንፈሳዊነቷ ጥሩ ነው፣ መልኳ ግን..." ብሎ ቀረ። ያ "ግን" ጆሮዋ ደረሰ። የመዝሙር ቪዲዮ ሲቀረጽ ደግሞ ድምፅዋ ከሁሉ የሚበልጠው እርሷ ሆና ሳለ ከፊት እንድትቆም የተደረገችው ሌላዋ ናት፣ ቀያ ያለችው። ይህን ማን አደረገ? የእኛ መዘምራን፣ በእኛ ጉባኤ፣ እኔ እያየሁ።

ወገኖቼ፣ ሳሙኤል የእሴይን ልጆች ሲያይ በኤልያብ ቁመትና መልክ ተሳስቶ ነበር፤ እግዚአብሔር ሰው እንደሚያይ አላይም፣ ልብን አያለሁ አለው (1 ሳሙኤል 16፥7)። ይህን ጥቅስ ለእህቶች ስንሰብከው ኖረናል፤ "መልክሽን ተዪ፣ ልብሽን አሳምሪ" እያልን። ሳሙኤል ግን ሴት ልጅ አልነበረም። የተገሠጸው የሚመለከተው ነው፣ የሚታየው አይደለም! እስከ ዛሬ ይህን አለማየቴ ገርሞኛል። እንግዲህ "ቀይ ልጅ ፈልጉልኝ" የምትል ወንድም፣ ልጅሽን "ይቺ ጥቁሯ" እያልሽ የምትጠሪ እናት፣ የዛሬው ቃል መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። ማርያም በወንድሟ በሙሴ ኢትዮጵያዊት ሚስት ላይ በተናገረች ጊዜ እግዚአብሔር ምን አደረገ? እርሷን እንደ በረዶ ነጭ አደረጋት፤ በለምጽ (ዘኍልቍ 12)። ነጭነት ለሚያምረን ሁሉ ያቺ ምዕራፍ ትበቃለች። ጅማ ኸርማታ ገበያ ላይ ፊት የሚያቀላ ክሬም የምትገዙ እህቶች፣ ከእነዚያ አንዳንዶቹ ውስጥ ሜርኩሪ አለ፣ ኩላሊት ይጎዳል፤ አንዳንዶቹም ያለ ሐኪም ትእዛዝ መቀባት የሌለበት ስቴሮይድ አለባቸው፣ ቆዳን ያሳሳሉ። ይህ ራሱን የቻለ ትምህርት ያስፈልገዋል፣ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

የመኃልየ መኃልይዋ ልጅም ትዝ ትለኛለች (1፥5-6)። ፀሐይ ያጠቆራት ወንድሞቿ ወይን አስጠብቀዋት ነው፤ በእኛ አገር ቢሆን ቡና ለቀማ ማለት ነው። ጥቁር መሆኗንና ውብ መሆኗን በአንድ ትንፋሽ ትናገራለች። በብዙ ትርጉም መካከል ላይ "ነገር ግን" ይገባል፤ በዕብራይስጡ ያለችው ትንሽ ፊደል ግን "ደግሞ"ም ተብላ ልትተረጎም ትችላለች። ጥቁርም ውብም። ወንድሜ፣ አንተ "መንፈሳዊነቷ ጥሩ ነው፣ ግን" ያልህባትን ቃል መጽሐፉ "ደግሞ" ይለዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በሐዋርያት ሥራ 8 የምናውቀው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በአካሉ ላይ ሰው ቢላ ያነሣበት ነበር። በሕጉ መሠረት እንደ እርሱ ያለ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር (ዘዳግም 23፥1)። እንግዲህ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ኢየሩሳሌም ደርሶ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንዳስገቡት ገምቱ። ሲመለስ በሠረገላው ላይ የሚያነበው ኢሳይያስ 53ን ነው። በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ስለ መሲሑ መልክና ውበት እንዳልነበረው፣ ብናየው እንድንወደው የሚያደርግ ደም ግባት እንደሌለው ተጽፏል። ጥቅልሉን ትንሽ ወደፊት ቢያዞረው ደግሞ ምዕራፍ 56 ላይ ለጃንደረቦች በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚሻል ስም ይሰጣቸዋል የሚል ተስፋ ያገኛል። ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ሲወጣ ስለ አካሉ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀውም። ውኃ አገኙ፣ ወረዱ፣ ተጠመቀ፣ ደስ ብሎት መንገዱን ሄደ። የአገራችን የመጀመሪያው አማኝ ብለን የምንኮራበት ሰው፣ በአካሉ ምክንያት ሕጉ ወደ ጉባኤው እንዳይገባ የከለከለው ሰው ነው።

ስለዚህ ፊቷን ወይም ገላዋን ያሠራች እህት ወደ ጉባኤያችን ስትገባ፣ በክንድ መጎሻሸም፣ "አየሻት?" መባባል አይሁን። አንቺም ያሠራሽው እህቴ፣ የጌታ ዐይን ካንቺ ላይ አልዞረም። "ፓስተር፣ አሁን ምን ላድርግ? ላፈርሰው?" ያለችኝ ሌላ እህት አለች። አታፍርሺው፤ ሁለተኛ ቢላ ንስሐ አይሆንም። በውስጥሽ ያለውን ሐፍረት ይዘሽ ወደ እርሱ ቅረቢ፤ የሚያምሽ ነገር ካለም ሳትፈሪ ለሐኪም ንገሪ።

ለመጀመሪያዋ እህታችን የነገርኋት እንዲህ ነው። "ልጄ፣ 'ኃጢአት ነው' ብዬ አንድ ቃል ሰጥቼሽ ከሸክሙ አላመልጥም። አፍንጫሽ አልታመመም፤ የታመመው ስላንቺ የተባለው ቃል ነው፣ ከዚያም ውስጥ የእኛ አለበት። በእኛ በኩል ያለውን ይቅር በይን። ገንዘቡ ያንቺ ላብ ነው፣ ማንም አያዝሽም። ነገር ግን ሦስት ወር ጠብቂ። በእነዚህ ሦስት ወራት ያንን ፎቶ ከስልክሽ አጥፊው፤ ጠዋት ጠዋት መስተዋት ከማየትሽ በፊት መዝሙር 139ን አንብቢ። ከዚያ በኋላም መሄድ ከፈለግሽ ለብቻሽ ተደብቀሽ አትሂጂ፤ ንገሪን፣ እንጸልይልሻለን። ሐኪሙ ፈቃድ ያለው የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም መሆኑን፣ ማደንዘዣውን ማን እንደሚሰጥ፣ ችግር ቢመጣ ወዴት እንደሚወስዱሽ ጠይቂ። የዳሌውን ግን እንደ አባት እለምንሻለሁ፣ ተዪው።"

አንዳንድ አገልጋዮች ይህን ሰምተው "ለሰለስህ" ብለውኛል። ይሁን። አንድ ጊዜ ጠንክሬ የአንድ ሕፃን ዓመት በልቻለሁ።

ሦስቱ ወራት አልፈዋል። ውሳኔዋን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። የመዘምራን መሪዎቻችን ግን ተነጋግረው፣ ባለፈው ቀረጻ ከፊት ቆማ የዘመረችው እርሷ ናት። ያ "ግን" ያለው ወንድምም መጥቶ አነጋግሮኛል፤ እርሱ ከእርሷ ጋር ያለውን ለራሱ ትቼዋለሁ።

ከመሰናበቴ በፊት ማስታወቂያ አለኝ። በሊሙ ገነትም ሆነ በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች፣ እስከ አጋሮ ድረስ፣ ከንፈሩ ወይም ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ፣ በእሳት ተቃጥሎ እጁ ወይም አንገቱ የተኮማተረ ሰው ካለ፣ የየትኛውም እምነት ተከታይ ቢሆን፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ቢሆኑ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወይም ረቡዕ ከሰዓት ወደ ጸሎት ቤታችን አምጡት። የከንፈሩ ቀዶ ሕክምና አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው። እናቶች፣ "ጡት አይስብም" ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ፣ ያለባችሁን ወተት በማንኪያ ጥቂት ጥቂት ስጡት፣ እስኪታከም ድረስ ክብደቱ እንዳይወርድ። ቡናችሁን ሸጣችሁ በዚህ ዓመት ከሰጣችሁት ስጦታ ላይ ሽማግሌዎች ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ለይተዋል። ወደ ጅማ የሚወስደውን መኪና እኛ እንከፍላለን፤ አብሮ የሚያድር ሰውም እንመድባለን። ያቺ እናት፣ የመጀመሪያዋ፣ ልጇን ይዛ አብራችሁ ትሄዳለች፤ እርሱ አሁን ይናገራል፣ ደግሞ ብዙ ይናገራል። ልጁን ጠቅልላችሁ፣ ሳትሸፍኑት፣ ብቻ ይዛችሁት ኑ።